ክንዷ የተከፈተባት አራስ

አንገረብ ማዶ በምትባለው የቆላ ከተማ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ክንዱ ነው። «እንዴት አደርሽ? ክንድሽስ?» ይባላል፤ «ደህና ነው፣ ሠላሳ ስድስት ከግማሽ» ተብሎ ይመለሳል። ስለ ልጅ፣ ስለ ሥራና ስለ ዘመድ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። በከተማው ማንም አይሮጥም። ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ቀስ ብሎ መራመድ ይማራሉ። ሠርግ ላይ ሦስት ዘፈን እንዳለቀ ሙዚቃው ይቆምና ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ጥላ ስር ተቀምጠው ሙቀት የሚለካውን አምባራቸውን ያያሉ፤ የሁሉም አረንጓዴ ከሆነ አራተኛው ዘፈን ይቀጥላል። ስድስት ሰዓት ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ገበያውም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ የሰሊጥ መጋዘኑም ባዶ ይሆናል፤ ሕዝቡም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በየማቀዝቀዣ አዳራሹ ይቀመጣል። ፍቅር የሚጀመረውም፣ የተጣላ የሚታረቀውም እዚያ ነው። መጣላት ራሱ እምብዛም የለም፤ ንዴት ያሞቃል።

እማማ ሶልያና ይህን ያወቁት በሁለት ሺህ ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር መጀመሪያ፣ ከደጋ ወርደው የከተማው በር ላይ በቆሙ ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው ስድሳ ሁለት ነበር። በሩ ላይ የተቀመጠው ጤና ረዳት ስማቸውን ሲጽፍ ፈገግ አለ፤ ሶልያና የባልቴቶች ስም ነው፣ አያቱም ሶልያና ትባል እንደነበር ነገራቸው። ከዚያ የግራ ክንዳቸውን አስገልጦ ከበረዶ ሳጥን ያወጣውን መርፌ ከቆዳቸው ስር ሰካው። ሲገባ ውኃ ነበር። የደማቸው ሙቀት ሲያገኘው ረጋና የገብስ ቅንጣት የሚያህል ነገር ሆኖ ቀረ።

«ፍሬ እንለዋለን» አላቸው፤ «ወባ ሲይዝዎት ሰውነትዎ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ፍሬው ይጨመቃል፣ መድኃኒቱ ይወጣል። እርስዎ ምንም አያደርጉም። ብቻ አይሙቁ።»

እማማ ሶልያና ልጅ ሳሉ ወባ ይዟቸው ያውቃል። ያኔ መድኃኒቱ ቢጫ ኪኒን ነበር፤ ውኃ አልወድም የሚል ግትር መድኃኒት ስለሆነ ያለ ቅባት አይሠራም ተብሎ በወተት ይውጡት ነበር። ወተት በጠፋ ቀን እናታቸው እንዴት እንደተንከራተቱ ትዝ አላቸውና ይኸኛው በእውነት ይሻላል ብለው አመሰገኑ። አምባሩን አስረውላቸው ሻንጣቸውን ሲፈትሹ በነጠላ የተጠቀለለ የወይባ እንጨት አገኙ። ለልብስ ማጠኛ ነው አሉ። ውሸት ነበር። እንጨቱ የመጣው ለአራስ ነው።

አራሷ ልጃቸው የሺሐረግ ናት። ሴት ልጅ ወልዳ አሥራ አምስተኛ ቀኗ ነበር። ባሏ ደምለው የሰሊጥ ማጨጃ ማሽን ጠጋኝ ስለሆነ አዝመራው ሳያልቅ ከእርሻው አይመለስም። እናቲቱ ሲገቡ ልጃቸውን ያገኟት ነጭ ግድግዳ ባለው፣ ጣሪያው ቀዝቃዛ አየር በሚተነፍስ ክፍል ውስጥ፣ በስስ አንሶላ ተሸፍና ነው። አጥሚቷ እንኳ ከማእከላዊው ወጥ ቤት በርዶ በቆርቆሮ ይመጣል። እማማ ሶልያና ቆርቆሮውን በጣታቸው ነካ አድርገው አስቀመጡት። በርዶ የሚጠጣ አጥሚት እድሜያቸውን ሙሉ አይተው አያውቁም።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ ጉንጯን እየሳሙ። «ምንድን ነው ግን የሚያስቀምጡት እዚህ፣ ሥጋ ነው?»

የሺሐረግ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወገቧን ወጋትና አቋረጠችው። ወገቧ አልያዘላትም። ከተኛችበት ለመነሳት አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ አንዱን አልጋው ላይ ታደርጋለች፤ ተነሥታም ትንሽ ቆማ ነው የምትራመደው። ሕፃኗን አቅፋ ከሩብ ሰዓት በላይ መቀመጥ አትችልም። ሐኪም ቤት ሄዳ ጊዜ ይፈልጋል ተብላለች። ይህን ስትናገር አታለቅስም፤ በሁለተኛው ቀን ግን እናቷ የወጡ መስሏት ትራሱ ውስጥ ስታለቅስ ሰሟት። እማማ ሶልያና ከበሩ ጀርባ ቆመው ሰሙና የሚያደርጉትን ወሰኑ።

በእሳቸው ቤት አራስ ጢስ ትሞቃለች። ጉድጓድ ተቆፍሮ ፍም ይደረጋል፣ ወይባው ይጨመራል፣ መሐሉ የተቦረቦረ ሰሌን ይነጠፍበታል፤ ሴትዮዋ ላዩ ላይ ተቀምጣ እስከ አንገቷ በቡሉኮ ትሸፈናለች። ላቡ ይወርዳል፣ አጥንት ይፈታል፣ ወገብ ይመለሳል። እናታቸው ለእሳቸው ሦስቴ አድርገውላቸዋል፤ እሳቸውም ለሁለቱ ታላላቅ ልጆቻቸው አድርገዋል። የሺሐረግ የመጨረሻዋ ናት፤ እሷን ብቻ ዘለው ሊሄዱ አልቻሉም።

አይሙቁ መባሉን አልረሱም። ነገር ግን አስበውበታል። ከተማዋን የሚያስጨንቃት አምባሩ ነው፤ ሲቀላ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ክንድ አንባቢ የሚባሉትን የጤና ሠራተኞች የሚጠራቸውም እሱ ነው። እንግዲያው አምባሩ ካልሞቀ ማን ያውቃል? የውኃ ጀሪካን አንገት ላይ ቢያስሩት ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይውላል። የሺሐረግ በመጀመሪያ እምቢ አለች፤ ወዲያው ወገቧ ወጋትና ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርገው ወሰዱት።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩ ጥግ፣ ጉድጓዷን ቆፈሩ። የሁለቱንም አምባር ፈትተው ጀሪካኑ ላይ አሰሩ። ፍሙ ሲበስል መጀመሪያ ራሳቸው ተቀመጡበት። ያልሞከሩትን ነገር ለልጃቸው ሰጥተው አያውቁም፤ የጡጦ ወተት በእጃቸው ጀርባ፣ ገንፎ በከንፈራቸው ነበር የሚለኩት። እዚህ ደግሞ እንጨቱ ከደጋ የመጣ፣ አየሩ የቆላ ነው፤ ስንት ፍም እንደሚበቃ ሳያውቁ አራስ አያስቀምጡም። ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ቆዩና ትንሽ ፍም ቀንሰው ልጃቸውን ጠሯት።

የሺሐረግ ቡሉኮው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ሳለች፣ ቀጥሎ ዐይኖቿን ጨፈነች። ከዚያ ከወለደች ጀምሮ ያልወጣት ትንፋሽ ወጣት። ግማሽ ሰዓት እንደሆናት ሕፃኗ ከውስጥ አለቀሰች፤ የሺሐረግም ከሰሌኑ ላይ ማንንም ሳትይዝ ተነሣች። ሁለቱም አስተዋሉት። እናቲቱ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ላቧ ደርቆ፣ ገላዋ ቀዝቅዞ፣ ሕፃኗ ጠብታ ከተኛች በኋላ አምባሩን መለሱላት። ወዲያው ቀላ። ቀጥሎ ጮኸ።

ቆዳዋን ነኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። አምባሩን ፈትተው እንደገና አሰሩት፤ እንደገና ቀላ። ያን ጊዜ የሺሐረግ እናቷን እያየች፣ አምባሩ ሙቀት የሚለካ ብቻ ሳይሆን የክንዱን ፍሬ የሚያነብም እንደሆነ፣ ፍሬው ተጨምቆ ባዶ ከሆነ ሰውየው በረዶ ላይ ቢተኛ እንኳ እንደሚያሳብቅ ነገረቻቸው። ይህን እያወቀች እንዴት እሺ እንዳለች ራሷም አልገባትም። ብቻ ወገቧ አሟት ነበር። እማማ ሶልያና ጀሪካኑ ላይ የቀረውን የራሳቸውን አምባር አዩት። አረንጓዴ ነው፤ ጀሪካን ላይ የሚያነበው ፍሬ የለም። አልነኩትም። ጀሪካኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው ከአልጋው ስር አስገቡትና የግራ እጅጌያቸውን ወደ ታች ጎተቱት።

ክንድ አንባቢዋ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ወለላ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗታል፣ ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። በአንድ እጇ የማንበቢያ መሣሪያዋን፣ በሌላው መያዣ ያለው ክዳናም ሣጥን ይዛለች። ሣጥኑን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ወንበር ሳትጠይቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የአራሷን ክንድ ይዛ አነበበችና ፍሬው ሙሉ በሙሉ እንደወጣ ተናገረች።

እማማ ሶልያና ፈጠን ብለው መለሱ። ትኩሳት ወንጀል አይደለም፣ ጢስ ግን ወንጀል ነው ብለው ነው ያሰቡት። ስለዚህ ልጃቸው ከትናንት ጀምሮ ብርድ ብርድ ሲላት እንደነበር፣ ጠዋት እንዳንቀጠቀጣት፣ ደግነቱ አሁን እንደተሻላት ዘርዝረው ተናገሩ። ሲዋሹ ዝርዝር ያበዛሉ፤ ልጆቻቸው ሁሉ ያውቁታል። ወለላ አንድም ሳታስቀር መዘገበች። ከዚያ ተነሥታ ሣጥኑን ከፈተችው። ውስጡ በነጭ ጨርቅ የተነጠፈ፣ የሕፃን ልክ የሆነ ፍራሽ ነበር።

እማማ ሶልያና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ወለላ ብዙ ጊዜ እንደተናገረችው ሰው አስረዳች። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ክንዱ ትንሽ ስለሆነ ፍሬ አይያዝለትም። ቤቱ ውስጥ ወባ የያዘው ሰው ካለ፣ የታመመውን የነከሰች ትንኝ ሕፃኑን እንዳትነክስ፣ ሕፃኑ ለአሥራ አራት ቀን ወደ ማቆያው ይወሰዳል። እናት በየቀኑ መጥታ በመስታወት ልታየው ትችላለች። ጡት ግን አይሰጥም።

 የሺሐረግ ሕፃኗን ከነመጠቅለያዋ አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገችና ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አሥራ አራት ቀን ከዚህች ልጅ ዕድሜ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

 እማማ ሶልያና እስካሁን የፈሩት ስለ ራሳቸው ነበር፤ ሆን ብሎ ሞቆ ፍሬውን ያስከፈተ እንግዳ ከከተማው ይወጣል፣ ዳግመኛ አይገባም ሲባል በሩ ላይ ሰምተዋል። አሁን ግን ሕፃኗን የሚያስወስድባቸው ጢሱ ሳይሆን የራሳቸው ውሸት መሆኑ ገባቸው።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «ዋሽቼሻለሁ። ትኩሳት የሚባል ነገር አልያዛትም። እኔ ነኝ ጢስ ያሞቅኋት። ጉድጓዱ ከቤቱ ጀርባ ነው፣ ነይ ላሳይሽ።»

ወለላ ቀና ብላ አየቻቸው። ንዴት አልነበረባትም፤ እንዲያውም የራራች ትመስላለች። ልጅ ሊወሰድባቸው ሲል ሰዎች ሁሉ ትኩሳት አይደለም እንደሚሉ ነገረቻቸው፤ አንዷ ፀሐይ መታኝ ትላለች፣ ሌላዋ ምድጃ ስር ስለዋልኩ ነው ትላለች። ጉድጓዱን አላይም አላለችም፤ ሄዳ አየችው፤ ግን ጉድጓድ ማንም ይቆፍራል፣ ፍምም ጢስም ትኩሳት አልነበረም ብለው አይመሰክሩም። ደግሞ መንቀጥቀጧን የመዘገበችው ከእሳቸው ከራሳቸው አፍ ሰምታ ነው። ደሟን እንዳትመረምርም፣ የወጣው መድኃኒት ወባውን ስለሚሸፍነው ምርመራው ብቻውን አይታመንም።

«ባለፈው ክረምት አንዷን አምኛት ነበር፣ እማማ» አለች። እነሱም የዚያች ሴት ሕፃን ምን እንደሆነ አልጠየቋትም።

ሣጥኑን ይዛ ወደ አልጋው ተጠጋች። የሺሐረግ አሁን አለቀሰች፤ እንደዚያን ቀን ትራስ ውስጥ ሳይሆን በግልጥ። እማማ ሶልያና በሁለቱ መካከል ቆሙ።  ልመና ይጀምሩ፣ ይቆጡ፣ ይማሉ፣ አላወቁም። ይህችን ክፍል የሚገዛት መሣሪያ መሐላ አይሰማም። መሣሪያው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ሲያስቡ እጃቸው ሳያዙት የግራ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰበው።

«እንግዲያው የእኔንም አንብቢ» አሉ።

ወለላ ባዶ አንጓቸውን አየች። አምባርዎ የት ነው ብላ ጠየቀች። እማማ ሶልያና አጎንብሰው ከአልጋው ስር ጀሪካኑን ጎትተው አወጡት፤ አምባሩ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ በጤና ያበራ ነበር። ወለላ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ይሁን ቁጣ አልታወቀም።

ክንዳቸውን ይዛ አነበበች። ፍሬው ባዶ ነበር። የተከፈተበትን ሰዓት መሣሪያው አወጣው፤ ከልጃቸው በሠላሳ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል። ከዚያ ከሁለቱ ክንድ ያነበበቻቸውን የሙቀት መስመሮች ጎን ለጎን አደረገች፤ ቀጥሎ አንዱን በሌላው ላይ ደረበች። ደጋግማ አየቻቸው። እማማ ሶልያና መስመር ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነቡት የወለላን ፊት ነበር።

የወባ ትኩሳት፣ አለች በመጨረሻ ወለላ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ እየወጣና እየወረደ፣ እያንገላታ ነው የሚመጣው፤ እስኪበርድም ሰዓታት ይፈጃል። ይህ ግን ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ቀጥ ብሎ ወርዷል። የአንዷ ብቻ ቢሆን አያሳምንም፤ የሁለቱም ግን እንዲሁ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ትኩሳት ይዞት በግማሽ ሰዓት ልዩነት ሊድን አይችልም። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እርስዎ ለምን ሞቁ? አራሷ እሷ አይደለችም?»

«እንዴ፣ ሳልሞክረው አስቀምጣት?» አሉ እማማ ሶልያና። ጥያቄው ከልብ ገርሟቸው ነበር።

ወለላ ሣጥኑን ዘጋችው። ክዳኑ ሲገጥም የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ የሺሐረግ ግን በሰማችው ጊዜ ከነሕፃኗ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እናቷም አጠገቧ ተቀመጡ። ሕፃኗ በእንቅልፏ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። 

የቀረውን ወለላ በሥርዓት ጨረሰች። ለማስረገጥ ያህል የሁለቱንም ደም ከጣታቸው ወስዳ መረመረች፤ ወባ የለም። የወጣው መድኃኒት ለአሥራ አራት ቀን ደማቸው ውስጥ ስለሚቆይ እስከዚያ ይጠብቃቸዋል፤ አዲስ ፍሬ የሚያዝላቸውም ከዚያ በኋላ ነው። እማማ ሶልያና ሲያቃጥላቸው የቆየውን ጥያቄ አወጡ፤ ወተቱስ? ወተቱ ውስጥ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ሕፃኗን አይጎዳም፣ ትንሽ እንቅልፍ ብታበዛ አትደንግጡ አለቻቸው። እሳቸው ይህን ሁለቴ አስደገሟት፤ ሁለቴም ሳትሰለች ነገረቻቸው።

የመጨረሻው መዝገቡ ነበር። መሣሪያው ፍሬ የተከፈተበትን ምክንያት ሳይሞሉለት አይዘጋም፤ የሚያቀርበው ምርጫ ደግሞ አራት ብቻ ነው፤ ትኩሳት፣ ፀሐይ፣ ሥራ፣ ሆን ተብሎ። ወለላ ጣቷን አራተኛው ላይ አንዣበበች። እማማ ሶልያና አዩዋትና ሻንጣቸው ያለበትን ጥግ ተመለከቱ። መሄዳቸው አልከፋቸውም ነበር፤ ሕፃኗ ከእናቷ ጋር እስካለች ድረስ ወደ ደጋ በእግራቸው ይመለሱ ነበር። የሺሐረግ ግን የእናቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች።

ወለላ ስለ ጢሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ሠርቶላት እንደሆነ።  የሺሐረግ ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥታ፣ ግድግዳም አልጋም ሳትይዝ ተነሥታ ቆመች። ከዚያ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች። ወለላ እያየቻት ጣቷን ወደ ሦስተኛው አሳለፈችና ተጫነችው። ሥራ። መሣሪያው ተቀበላት።

እንዲያም ሆኖ ሰማያዊ ልብስ የለበሰ ሰው ሳይቆጣ አይሄድም። በሩ ላይ ቆማ፣ በሚቀጥሉት ቀናት ጭስ ከዚያ ጓሮ ሲወጣ ካየች ሁለተኛ እንደማትራራ፣ አምባር ጀሪካን ላይ ማሰርም በዚህ ሥራ ከገባች ጀምሮ አይታው የማታውቀው ድፍረት እንደሆነ ተናገረች። እማማ ሶልያና አንገታቸውን ደፍተው ልክ ነሽ ልጄ አሉ። እሷ ከሄደች በኋላ እናትና ልጅ ተያዩና መሳቅ ጀመሩ። የሺሐረግ እስኪደክማት ሳቀች። ወገቧን አልወጋትም።

ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሁለቱም አዲስ ፍሬ ተይዞላቸው ሳለ በሩ ተንኳኳ። ወለላ ነበረች። ሰማያዊውን ልብስ አልለበሰችም፤ አበባ ያለበት ቀሚስ አድርጋለች፣ መሣሪያም ሣጥንም አልያዘችም። ክንዳችሁስ አለች፤ ደህና ነው ተባለች። ሕፃኗን አየቻት፤ አድጋለች አለች። ከዚያ ቆመች። መሄድም አልፈለገች፣ መቀመጥም አልፈለገች። እማማ ሶልያና ሦስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ ይህን አቋቋም ያውቁታል። ምን ሆነሽ ነው ብለው ጠየቋት።

እሷም የሆነችውን ነገረቻቸው። የወለደችው ከስምንት ወር በፊት ነው፤ እዚሁ ከተማ፣ እንደዚሁ ባለ ነጭ ክፍል ውስጥ። እናቷ ቀደም ብለው ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ወገቧ አልያዘላትም። ቀኑን ሙሉ እየዞረች የሰው ክንድ ታነባለች፤ ማታ ግን የራሷን ልጅ ከመሬት ለማንሣት ባሏን ትጠራለች።

«ፍሬው የሚጨመቀው ሠላሳ ስምንት ከግማሽ ላይ ነው» አለች መሬት መሬት እያየች። «ከዚያ በታች አድርገው ሊያሞቁኝ ይችላሉ? አምባሬን አልፈታም።»

 እማማ ሶልያና ወጥተው ጉድጓዱን ከፈቱ። ፍሙን በግማሽ ቀንሰው፣ አንድ የወይባ ፍልጥ ብቻ ጨምረው፣ እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያ ራሳቸው ተቀመጡ፤ በዚህ ጊዜ አምባራቸው አንጓቸው ላይ ነበር። ሠላሳ ሰባት ከሰባት ሲል ተነሡና ጠሯት። ወለላ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ አንገቷ በቡሉኮ ሸፈኗትና የግራ እጇን ብቻ ወደ ውጭ አወጡላት። የሺሐረግ ልጇን አዝላ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ቁጥሩ በቀስታ ይወጣ ጀመር፤ ሁለቱ ሴቶች ድስት እንደሚጠብቅ ሰው አፍጥጠው ያዩታል። ወለላም ትንሽ ስለ ሥራዋ አወራች፣ ስለ ልጇ ጥርስ አወራች። ቀጥሎ ቃላቷ እየራቁ፣ እየራቁ ሄዱ።

ሠላሳ ስምንት ሲሞላ እማማ ሶልያና በቃሽ ተነሺ ሊሏት ጎንበስ አሉ። ወለላ ግን አንገቷን ወደ ጎን ጥላ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። እማማ ሶልያና ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ተንበርክከው፣ እንዳትነቃ ቀስ ብለው፣ ፍሙን ከስሯ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመሩ።